ከአባይ ማዶ ለበርሊን ኮድ መጻፍ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

ባሕር ዳር ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት ፕሮግራም መጻፍ ያዋጣል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ልጆች በዝተዋል። ያዋጣል። ግን ከማዋጣቱ በፊት በደንብ ያስወጣል። ስለዚህ እየሠራሁ እጽፈዋለሁ፤ ምን ገዛሁ፣ ምን ሠራ፣ ምን እምቢ አለ።

የምሠራው በርሊን ላለ አነስተኛ ድርጅት ነው። ባክኤንድ፣ ማለትም ተጠቃሚው የማያየው ከጀርባ የሚሠራው ኮድ። ቋሚ ቅጥር አይደለም፣ ኮንትራት ነው፤ ወር ሲያልቅ ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) እልካለሁ፣ እነሱ በዩሮ ይከፍላሉ። እስካሁን አዲስ አበባ ሆኜ ነበር የምሠራው፣ ኪራዩ ግን ገቢዬን ቁጭ ብሎ እየበላው ነበር። ከቡድናችን አንዱ ልጅ ኑሮ ለመቀነስ ብሎ ቺያንግ ማይ ገብቷል። ታይላንድ በ2024 እ.ኤ.አ. እንደኛ ላለው የርቀት ሠራተኛ የአምስት ዓመት ቪዛ አውጥታለች፣ በአንድ መግቢያ እስከ 180 ቀን ያስቀምጣል። እሱ ርካሽ አገር ፍለጋ ውቅያኖስ ተሻገረ፤ እኔን ባሕር ዳር ድረስ የአንድ ሰዓት በረራ ይበቃኛል፣ ቪዛም አልጠየቀኝ።

ቤት ያገኘሁት አባይ ማዶ ነው፣ ከድልድዩ ባሻገር ያለው የባሕር ዳር ሰፈር። ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ውሃ ሲጠፋ ሮቶ አለ። ኪራዩ አዲስ አበባ ከምከፍለው ግማሽ አይሞላም። ቤቱን ሳይ መጀመሪያ የጠየቅኩት ግን ኪራዩን አይደለም።

«እትዬ፣ ፋይበር ገብቷል?»

«ምን ገብቷል?»

ግድግዳው ላይ ያለችውን ነጭ ሳጥን ስጠቁማቸው «እሷማ የልጄ ናት፣ ሲማር ያስገባት» አሉኝ። ቀብዱን እዚያው ቆሜ ከፈልኩ።

ለምን ፋይበር? ኢንተርኔቱ በብርሃን የሚመጣበት ቀጭን የመስታወት ገመድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቃል። በዳታ ብቻ ተማምኖ የውጭ ሥራ መያዝ አይሆንም። ሌላም ምክንያት አለው። ቤት ድረስ የሚገባው ፋይበር ከቴሌ ማዕከሉ እስከ ግድግዳዬ ድረስ መንገድ ላይ መብራት የሚፈልግ ዕቃ የለበትም፤ መሀል ላይ ያለው ብርሃኑን የሚከፋፍል መስታወት ብቻ ነው። ማዕከሉ ጄኔሬተር ካለውና እኔ ቤት ያለችው ሳጥን ኤሌክትሪክ ካገኘች፣ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ መስመሩ ይሠራል። የመዳብ ስልክ መስመር ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር ባለው ካቢኔ ውስጥ በመብራት የሚሠራ ዕቃ ስላለው የካቢኔው ባትሪ ሲያልቅ አብሮ ይተኛል።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ግልጽ ሆነ። መጀመሪያ መብራት፣ ከዚያ መስመር፣ ከዚያ የራሴን የአሠራር ልማድ ማስተካከል።

ጥቅምት መጀመሪያ

ሁሉም ሰው «ኢንቨርተር ግዛ» ይላል፤ የባትሪን ኃይል ወደ ሶኬት መብራት የሚቀይረውን ዕቃ ማለታቸው ነው። ምን ያህል ነው የምበላው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ የዋት መለኪያ ገዛሁና ሁሉንም አንድ በአንድ ለካሁ። ላፕቶፑ ኮድ ስጽፍ 28 ዋት ገደማ ነው፣ ቢልድ ሳደርግ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ስቀይር) 55 ድረስ ይወጣል። ራውተሩና የፋይበሯ ሳጥን አንድ ላይ 15። ትልቁ ስክሪን 22። በአማካይ 65 ዋት ብዬ ያዝኩት። ይሄ ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ የድሮ አምፖል ማለት ነው።

ከዚያ ባትሪ። ሱቆቹ መጀመሪያ የሚያወጡልህ የመኪና ባትሪ ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ነው የተሠራው፤ ብዙ ጉልበት ለጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ጥልቅ ድረስ እያወረድክ በየቀኑ ከተጠቀምክበት ቶሎ ይሞታል። ለሶላር የተሠራው የእርሳስ ባትሪ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን እድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ባይወርድ ጥሩ ነው። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሚለው በወረቀት 1200 ዋት ሰዓት ነው፣ በተግባር 600። ለእኔ ዘጠኝ ሰዓት።

የሊቲየም አይረን ፎስፌቱ ዓይነት በተመሳሳይ መጠን 1280 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ዘጠና በመቶውን ብትጠቀም ቅር አይለውም። 1150 ለ65 ሲካፈል አሥራ ሰባት ሰዓት ከምናምን። ስክሪኑን ካጠፋሁ ከአንድ ቀን በላይ ይወስደኛል። ዋጋው ከእርሳሱ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ግን ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ተሞልቶ የሚወርድ ነገር ስለሆነ ወጪውን ዋጥ አድርጌ ያዘዝኩት እሱን ነው። በአውሮፕላን ይዤው እንዳልመጣ መንገደኛ ይዞ እንዲሳፈር የሚፈቀደው የሊቲየም ባትሪ በአየር መንገዱ ፈቃድም ቢሆን እስከ 160 ዋት ሰዓት ድረስ ነው። በጭነት መኪና መጣ። መንገዱ እንደምታውቁት ነው። ዘገየ፣ ግን ደረሰ።

አሁን ስለ ኢንቨርተር። ምንም ሳይሰካበት፣ ዝም ብሎ በርቶ ብቻ፣ የእኔው ኢንቨርተር 10 ዋት ይበላል። ሃያ አራት ሰዓት በርቶ ቢቆይ 240 ዋት ሰዓት፤ የባትሪውን አንድ አምስተኛ ለምንም። ደግሞ አስቡት፣ ባትሪው 12 ቮልት ይሰጣል፣ ኢንቨርተሩ ወደ 220 ያወጣዋል፣ የራውተሩ ቻርጀር መልሶ ወደ 12 ያወርደዋል። ደርሶ መልስ። ስለዚህ ራውተሩንና ሳጥኗን በቀጥታ ከባትሪው አገናኘኋቸው፣ መሀል ላይ 12 ቮልትን የሚያረጋ ትንሽ ዕቃ አስገብቼ፤ ምክንያቱም ይሄ ባትሪ ሲሞላ 14 ቮልት ከግማሽ ገደማ ድረስ ስለሚወጣ ራውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ላፕቶፑን ለመኪና በተሠራ የ65 ዋት ዩኤስቢ ሲ ቻርጀር። ኢንቨርተሩ አሁን የሚበራው ለስክሪኑ ብቻ ነው፣ እሱም ስፈልግ።

መብራት ሲኖር የሚሞላው በ20 አምፒር ቻርጀር ነው። ባዶውን ለመሙላት አምስት ሰዓት ይፈልጋል። ሌሊት መብራት ካደረ ጠዋት ሙሉ ነው።

ጥቅምት አጋማሽ

መብራት ሄደ፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልክ ስብሰባ ውስጥ። እኔ ያወቅኩት ከጎረቤት ወፍጮ ቤቱ ዝም ሲል ነው። ስብሰባው ቀጠለ። ይሄን ያህል ነው ደስታዬ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ጎን ለጎን የሞባይሉን መስመርም እየለካሁ ነበር። መብራት እንደሄደ ወዲያው ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ዋይፋዩ የጠፋበት ሰው ሁሉ ወደ ዳታ ይዞራል። ከዚያ ትንሽ ያገግማል። መብራቱ ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ ደግሞ የማማው ባትሪ ያልቅና ሲግናሉ ጨርሶ ይጠፋል። ፋይበሩ ግን አልተነቃነቀም። ስለዚህ ዳታ መጠባበቂያ ሆኖ የሚያገለግለው ፋይበሩ ሲቆረጥ ነው እንጂ መብራት ሲሄድ አይደለም። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የሰዓት ጉዳይ። እኛ ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፣ አንነቃነቅም። በርሊን በእነሱ በጋ ሁለት ሰዓት ትቀድማለች፣ ከኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ጀምሮ ደግሞ አንድ ብቻ። የዕለቱ ስብሰባ በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 10 ሰዓት ነው፤ እስካሁን ለእኔ ረፋድ አምስት ሰዓት ነበር፣ ከአሁን በኋላ ቀትር ስድስት ሰዓት ሆነ። ካላንደሩ ላይ ቀጠሮውን በበርሊን ሰዓት መመዝገብ ነው፣ ራሱ ይንሸራተታል። በሰርቨር (ሩቅ ሆኖ ሁልጊዜ በርቶ በሚሠራ ኮምፒውተር) ላይ በሰዓታቸው የሚሮጡ ሥራዎችን ግን ሁሉንም በግሪንዊች አድርጌያቸዋለሁ። (ለነገሩ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት የሰዓት ሰንጠረዥ ውስጥ አዲስ አበባ የምትለዋ ስም ናይሮቢን የምትጠቁም ናት። የራሳችን መስመር እንኳ የለንም።)

ችግሩ ቀትር ስድስት ሰዓት የአከራዬ የቡና ሰዓት መሆኑ ነው። ስኒው ሲደረደር እሰማለሁ። «ልጄ፣ አቦሉ ቀዘቀዘ» ይላሉ በመስኮቱ። ማይኩን አጥፍቼ በእጄ ምልክት እሰጣለሁ። አሁን አሁን አቦሉን ራሳቸው በመስኮት ያቀብሉኛል፣ ለቶና እወጣለሁ። የዘጌ ቡና ነው፣ ሊያመልጠኝ አይገባም።

ኅዳር

ፋይበሩ ተቆረጠ። መንገድ ሲቆፈር ይመስለኛል፣ ማንም አልነገረንም። ቀናት ወሰደ። በዚህ ጊዜ ነው አስተሳሰቤን የቀየርኩት። የማይቋረጥ መስመር ባሕር ዳር ላይ በገንዘብ አይገዛም። መቋረጥ የማይጎዳው አሠራር ግን በነፃ ይሠራል ማለት ይቻላል።

የተሠራው ይሄ ነው። ራውተሩን ኦፕን ደብሊው አር ቲ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫንኩበት፣ ላዩ ላይ ኤምዋን ስሪ የምትባል ፓኬጅ አለች። ሁለቱንም መስመር በየጥቂት ሰከንዱ ፒንግ እያደረገች (አለህ ወይ ብላ እየጠየቀች) ፋይበሩ ዝም ካለ ወደ ሲሙ፣ ማለትም ወደ ሞባይል ዳታው፣ ታዞራለች፣ ሲመለስ ትመልሳለች። ጥሩ ነው፣ ግን መስመር ሲቀየር አይፒው (የኢንተርኔት አድራሻዬ) ስለሚቀየር የተከፈተው ነገር ሁሉ ይበጠሳል። ለዚህ ጀርመን ውስጥ ትንሽ ሰርቨር ተከራየሁና እስከዚያ ድረስ ዋየርጋርድ የሚባል የተመሰጠረ መተላለፊያ ዘረጋሁ። ዋየርጋርድ ሰውን የሚያውቀው በአይፒ ሳይሆን በቁልፍ ስለሆነ፣ ከፋይበር ወደ ሲም ስዞር ሁለት ሦስት ሰከንድ ድምፅ ይቆረጥና ይቀጥላል፤ በርሊን ያሉት የሚያዩት አይፒ አንድ ነው። በሲሙ በኩል መጀመሪያ አንዳንድ ድረ ገጽ ግማሽ ድረስ ከፍቶ ይንጠለጠል ነበር። ኤምቲዩውን፣ ማለትም አንድ የዳታ እሽግ ሊደርስ የሚችለውን ትልቁን መጠን፣ ከ1420 ወደ 1280 ሳወርደው ለቀቀ። ይሄን ቁጥር ጻፉት፣ ከብዙ ራስ ምታት ያድናችኋል።

ከባዱ ሥራ ሁሉ እዚያው ሰርቨር ላይ ነው የሚሠራው። የዶከር ኢሜጅ (ፕሮግራም ከነሚያስፈልገው ሁሉ የታሸገበት ፋይል) ጊጋ በጊጋ ወደዚህ የማወርድበት ምክንያት የለም። በሞሽ (ደካማ መስመርን በሚችል የርቀት መግቢያ) እገባለሁ፣ ቲመክስ (ሥራውን እዚያው ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ፕሮግራም) ክፍት ነው፣ መስመር ቢጠፋ ሥራው እዚያ ይሮጣል፤ ስመለስ የተውኩት ቦታ አገኘዋለሁ። ኮዱን የምጽፈው ግን እዚሁ ላፕቶፔ ላይ ነው። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ለዚህ ነው የተባረከው፣ ያለ ኢንተርኔት ኮሚት ታደርጋለህ (ለውጡን ታስመዘግባለህ)፣ ቅርንጫፍ ትከፍታለህ፣ ታሪኩን ታያለህ፣ መስመር ሲገኝ ትገፋለህ።

አንድ ነገር ብቻ ጊት ላይ ያናድዳል። ትልቅ ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) ክሎን እያደረግክ፣ ማለትም ሙሉ ቅጂውን እያወረድክ፣ መሀል ላይ ከተቋረጠ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። 3 ጊጋ የሚሆን አለን። መፍትሔው ሰርቨሩ ላይ ክሎን አድርጎ በጊት ባንድል አንድ ፋይል ማድረግ፣ ከዚያ ያንን ፋይል አርሲንክ በሚባለው የፋይል ማመላለሻ ፕሮግራም ከነ«ፓርሻል» ምርጫው ማውረድ ነው። አርሲንክ ከቆመበት ይቀጥላል። ሌሊት ለቅቄው ተኛሁ፣ ጠዋት ወርዷል። ከፋይሉ ክሎን አድርጎ አድራሻውን ወደ እውነተኛው መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው።

ስብሰባ በድምፅ ብቻ እንዲሆን ጠየቅኩ፣ እሺ አሉ። ሒሳቡ ይሄውላችሁ፦ ድምፅ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ይበቃዋል፣ በሰዓት 14 ሜጋባይት ገደማ ማለት ነው። ቪዲዮ በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ቢሆን በሰዓት 675። ፊቴ ይሄን ያህል አያወጣም።

ሌላው ማታ ማታ አጭር ጽሑፍ መላክ ነው፤ ምን ጨረስኩ፣ ምን ያዘኝ፣ ነገ መስመር ባይኖር ምን ላይ እሠራለሁ። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ይበልጥ እነሱን ያረጋጋቸው ይሄ ይመስለኛል።

ታኅሣሥ

ገንዘብ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬውን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ነገሩ ተቀይሯል። ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከመቶ አለፈ። በዚያው ማሻሻያ ከውጭ ደመወዝ ወይም የአገልግሎት ክፍያ የሚመጣለት ነዋሪ የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ እንዲከፍት ተፈቅዷል። እኔም ከፈትኩ። ለሰርቨሩ ኪራይ የሚሆነውን እዚያ አስቀምጣለሁ፣ የቀረውን በዕለቱ ተመን ወደ ብር። ከባንክ ውጪ የሚሻል ተመን አለ የሚላችሁን ሰው አትስሙ፣ ኮንትራቱም ኢንቮይሱም በስማችሁ ነው።

አንድ ክፍያ ግን ተንጠለጠለ። ምክንያቱ ስም። ኢንቮይሱ ላይ ስሜና የአባቴ ስም ነው ያለው፣ ባንኩ ጋ ደግሞ እስከ አያት። የእነሱ ፎርም «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፣ እኛ የለንም፣ የአባቴን ስም ሞላሁ። የላኪው ባንክና የተቀባዩ ባንክ ሁለቱም የራሳቸውን ትክክል ነው ይላሉ፣ ገንዘቡ መሀል ላይ ያለ ባንክ ውስጥ ተቀምጧል። ተፈታ፣ ግን ገናን በብድር ነው የዋልኩት። ከዚያ በኋላ በፓስፖርቴ፣ በባንኬና በኢንቮይሴ ላይ ሦስቱም ስሞች በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ሆነው እንዲጻፉ አደረግኩ። አንዷ ፊደል እንኳ። የዝውውሩን ክፍያም ላኪው ሙሉ በሙሉ እንዲችል ውሉ ላይ አስገባሁ፤ አለዚያ መንገድ ላይ ያለ ባንክ ሁሉ ቆንጥሮ ያስቀራል።

ጥር

ከጥምቀት ማግስት ቁጭ ብዬ ወጪና ገቢ ሠራሁ። ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ራውተር፣ ሽቦና ኢንቨርተር ሲደመር የዚህን ቤት የአንድ ዓመት ኪራይ ያህል ሆነ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከአዲስ አበባ ያን ያህል አልረከሰም። ትርፉ ከሁለተኛው ዓመት ነው የሚጀምረው። ሁለት ወር ሞክሬ ልመለስ ለሚል ሰው አይሆንም።

ኑሮው ግን ደስ ይላል፣ ልዋሽ አልችልም። የአዴት ጤፍ በቅርብ አለ። ሐይቁ ዳር አሳ አለ፣ ቆሮሶ ጠብሰው ከአዋዜ ጋር። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ሳይክል ገዛሁ፤ ድልድዩን ተሻግሬ ፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) ድረስ ላብ ሳይወጣኝ እደርሳለሁ። አዲሱ ድልድይ በ2016 ሲመረቅ 380 ሜትር ነው የተባለው፣ የሳይክል መንገድ ስላለው ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲያስጠላ መድኃኒቴ እሱ ነው። ማታ ግን በጊዜ መግባት ነው። የከተማው ሁኔታ እንደዚያ ነው፣ ሥራዬም ማታ ቤት ስለሚያስቀምጠኝ አልከበደኝም።

የማያስደስተው ቢንቢ ነው። ምሽት ላይ ስክሪን የሚበራበት ቤት ጣና ዳር ያለው ነፍሳት ሁሉ የሚጋበዝበት ቤት ነው። ወባም አለ። አልጋው ላይ ያለው አጎበር አልበቃኝም፣ ለጠረጴዛዬም አንድ ሰቀልኩለት። አጎበር ውስጥ ተቀምጦ ኮድ የሚጽፍ ሰው ማየት ለጎረቤት ልጆች ትርኢት ሆኗል።

መጋቢት

ሙቀት። ከሰዓት በኋላ ከቆርቆሮው ሥር መቀመጥ አይቻልም። የሥራ ሰዓቴን አዛወርኩ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ጀምሬ እስከ አምስት ሰዓት ከባዱን እጨርሳለሁ። በርሊን ገና ሳይነቁ ግማሽ ቀን ሠርቻለሁ ማለት ነው። ባትሪውንም ከግድግዳው ጥግ ወደ ወለሉ አወረድኩት፤ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ፀሐይዋ ካለች አይቀር ብዬ 200 ዋት ፓነል ጣሪያ ላይ አስወጣሁ። ደህና ቀን ላይ ከ700 ዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል፣ ያ ለአንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይተርፋል። የገጠመው ልጅ ወደ ደቡብ በደንብ ካላዘነበልነው አለኝ። እዚህ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ ባሕር ዳር ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ላይ ስለሆነች። ተከራክረን ለጥ አድርገን፣ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ያህል ብቻ አዘንብለን አሠርነው።

በማርች የመጨረሻ እሁድ በርሊን ሰዓቷን ወደ በጋው መለሰች። ስብሰባው ወደ ረፋድ አምስት ተመለሰ። አቦሉን ያለ መስኮት መጠጣት ጀመርኩ።

ግንቦት

የመጀመሪያው ደህና ዝናብ መጣ። ባትሪ፣ ፋይበር፣ ሲም ሁሉም ይሠራሉ፣ እኔ ግን ራሴን አልሰማም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ድምፅ የሚያጠራ ሶፍትዌር የሚችለው ነገር አይደለም፣ ሞክሬዋለሁ፤ ዝናቡን ሲያጠፋ የእኔንም ድምፅ አብሮ ያጠፋል። በርሊን ያለችው ልጅ «ፋብሪካ ውስጥ ነህ?» አለችኝ። አከራዬን አስፈቅጄ ኮርኒስ አሠራሁ። ከላዩ ላይ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሀል፣ አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ቆራርጬ ደረደርኩ። ዝናቡ አሁንም ይሰማል፣ ግን አፍ ላይ የሚቀርብ ማይክ ባለው ሄድሴት መነጋገር ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ያለውንም ሙቀት ቀነሰልኝ፣ ይሄን አልጠበቅኩም ነበር።

የቀረው መብረቅ ነው። ጣና ዙሪያ ክረምት ላይ መብረቅ ቀልድ አይደለም። ፋይበሩ ራሱ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የሚያሰጋው የመብራት መስመሩና የፓነሉ ሽቦ ነው። ለጊዜው ሰማዩ ሲጠቁር ቻርጀሩን ከሶኬት፣ ፓነሉን ከመቆጣጠሪያው እነቅልና በባትሪ እሠራለሁ። ግቢው ትክክለኛ ኧርዝ (ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ መስመር) የለውም፣ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ሦስተኛው የትም አልታሰረም። ፈትቼ አየሁት። የመሬት ዘንጉን የሚቀብረው ኤሌክትሪሺያን ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። ዘንጉና ሽቦው ከእኔ፣ መዶሻው ከእሱ።